የእጀታው ቁመት

መጋቢት 3 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አክስቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትዎና ከወንድሜ በስተቀር ደህና ነኝ። እሱስ ደህና ነው፤ የሚያሳምመው ሌላውን ሰው ነው።

ወርክሾፑ እንዳለ አለ። አባባ ካረፈ ወዲህ ጣሪያው አንድ ጊዜ ተቀይሯል፤ ማፍሰሱን ግን አልተወም፣ ቦታ ብቻ ነው የቀየረው። አያቴ የተከሉት ሞርሳ አሁንም በመስኮቱ ሥር ብረት ጨብጦ ይውላል። ወንድሜን የጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ «አለቃ» ይሉታል። እኔን ደግሞ ይህን ያህል ዕድሜ ተሸክሜ ዛሬም «ሚጢጢ» ነው የሚሉኝ። ለመጨረሻ ጊዜ መጥተው ሲያዩኝ ከነበርኩበት ቁመት ብዙም አልጨመርኩ፣ ምን አደርጋለሁ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ አንድ መሣሪያ ነው። እማዬ አልጋ ላይ በዋለችበት ዓመት ከአልጋ ወደ ወንበር የምናዛውራት እኔና አንዲት ነርስ ነበርን። እማዬን በሽታው ቢያከሳትም አጥንቷ ከባድ ነበር። አንድ ቀን ነርሷ ወገቧን ይዛ ቁጭ አለች፤ ወደ ሥራ የተመለሰችው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። እማዬን ከቀበርን በኋላም ያ ነገር ከራሴ አልወጣ አለኝ። ስለዚህ ማንሻ ነደፍኩ፤ አራት ጎማ አለው፣ ታማሚውን በሸራ ያቅፋል፣ እጀታው ሲዘወር ቀስ አድርጎ ያነሳዋል። ወንድሜ በየደው። ሲበይድ እጁ ይባረክ ነው፤ የሱን አልቀማውም።

ታዲያ የመንግሥት የፈጠራ ድጋፍ ቢሮ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ከሕዝብ ገንዘብ ይረዳል ተባለ። መመሪያው ሴት ለምትመራው ፕሮጀክት ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣል። ወንድሜ ይህን ሲያነብ ከወንበሩ ዘለለ። «ሚጢጢ! ሴት መሆንሽ ዛሬ ገና ጠቀመን!» አለኝ። ወዲያው እኔን የፕሮጀክቱ ኃላፊ፣ ራሱን አማካሪ አድርጎ ጻፈ። «ስም ብቻ ነው፣ አትጨነቂ» አለኝ ደግሞ። የሚያስጨንቀኝ ስም ብቻ መሆኑ እንደሆነ አልገባውም።

እንግዲህ በወረቀት ኃላፊ፣ በወርክሾፑ ደረሰኝ ቆራጭ ሆኜ ልኖር ነው። ልፈርም ወይስ ልተው? ያደጉበት ቤት ነውና ይምከሩኝ። እግረ መንገድዎንም፣ እዚያ አገር ሆስፒታል ውስጥ እንዲህ ያለ ማንሻ ካለ ፎቶውን ይላኩልኝ።

የወንድምዎ ልጅ
ሚጢጢ


ሚያዝያ 9 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ ለሚጢጢ፣

ፈጣሪ እጅሽን ከእሳት፣ ወንድምሽን ከምላስሽ ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ።

የሞርሳውን ነገር ባታነሺብኝ ይሻል ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሥራ አስፈታሽኝ። ነገርን ነገር ያነሳዋል። ጠዋት ጠዋት አባቴ ወለሉ ላይ ውኃ ሲረጭ ከብረቱ ትቢያ የሚነሳው ሽታ እዚህ ድረስ መጣብኝ። መዶሻውን ከማንሳቱ በፊት ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር፣ ንግግር ሊያደርግ እንደተነሳ ሰው። ከመንገድ ሆነን የመዶሻውን ድምፅ ሰምተን ዛሬ ደስ ብሎታል ወይስ ተቆጥቷል የሚለውን እናውቅ ነበር። እኔና አባትሽ በአንድ ሞረድ ተራ ገብተን ነበር የምንሞርደው፤ አባትሽ ተራው ሲደርስ ይዘፍናል፣ ዜማውን ስቶ። እናቴ በሩ ላይ አስቀምጣ ጸጉሬን ስታበጥረኝ የብረት ብናኝ ይራገፋል። «ይህች ልጅ ጭንቅላቷ ሳይዝግ አይቀርም» ትላለች። የፀሐይዋ ብርሃን ግድግዳውን ዞሮ ሰንሰለቶቹ ጋ ሲደርስ ምሳ ደረሰ ማለት ነው፤ ሰዓት አላስፈለገንም። ያን ያህል የሚሞቅ ቤት ከዚያ ወዲህ ገብቼ አላውቅም። ስለ ምድጃው አይደለም የማወራሽ።

ምክሬን ከጠየቅሽኝ ፈርሚ። ስም ምን ይጎዳል? መሣሪያው ይሠራ፣ ታማሚ ይረዳበት። ከወንድምሽ ጋር አትቀያየሚ፤ እሱ ካንቺ፣ አንቺም ከሱ በቀር ማን አላችሁ? እኔም በጊዜዬ ዝም በማለቴ ነው ከወንድሜ ጋር በፍቅር የኖርኩት።

ፎቶውን እፈልግልሻለሁ።

አክስትሽ


ግንቦት 14 ቀን

ይድረስ ለምወድዎ አክስቴ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው፤ ናፍቆቴ ግን በርትቷል። ስለ ወርክሾፑ የጻፉትን ለወንድሜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «አባባ ይዘፍን ነበር እንዴ?» አለኝ። እኛ ስንደርስ ትቶት ነበር መሰለኝ፤ እኔም ሰምቼው አላውቅም።

ምክርዎን ሰምቼ ፈረምኩ። ከሹመቴ በኋላ የተጨመረልኝ ሥራ አንድ ነው፣ መንጠልጠል። እውነቴን ነው፣ አይሳቁ። ማንሻው ሲሞከር ታማሚ ሆና ሸራው ውስጥ የምትገባው ኃላፊዋ ናት፤ «አንቺ ቀላል ነሽ» ተብዬ። ነርስ ሆነው እጀታውን የሚያዞሩት ወንድሜና አብረውን የሚሠሩ ሁለት በያጆች ናቸው። ሦስቱም ከቆጥ ላይ ዕቃ ያለ መሰላል የሚያወርዱ ሰዎች ናቸው። እጀታውም በነሱ ደረት ልክ ተበየደ።

እኔ ንድፉ ላይ ዝቅ አድርጌው ነበር። ወንድሜ «ከፍ ሲል ጉልበት ይቆጥባል» ብሎ ሳይነግረኝ ሰቀለው። «ሆስፒታል ውስጥ የሚያዞረው ማን ነው?» አልኩት።

«ነርስ ነዋ።»

«ነርሶቹስ እነማን ናቸው?»

ትንሽ አሰበና «ይለምዱታል» አለ። ከበያጆቹ አንዱ ያስታረቀን መስሎት «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ሲል ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። አየር ላይ ነበርኩ፤ ተንጠልጥሎ ማኩረፍ አይመችም።

የቢሮው ገምጋሚዎች ከክረምት በኋላ ይመጣሉ። ወንድሜ ግን ከወዲሁ ለአርባ ማንሻ የሚሆን ቱቦላሬ ብረት በዚያው በረጅሙ ልክ ሊያስቆርጥ ነው። በኋላ ዝቅ ይደረግ ቢባል ከእያንዳንዱ ቁራጭ ይባክናል። እኔን ደግሞ በየቀኑ ያስጠናኛል፤ «ሲጠይቁሽ ፈገግ በይ፣ ሲከብድሽ ወደ እኔ ዞር በይ» ይለኛል። ፈገግታውን በደንብ ይዤዋለሁ።

አክስቴ፣ ፎቶው ይቅርብኝ። ይልቅ ለወንድሜ አንድ ደብዳቤ ይጻፉለት። እርስዎን ይፈራል።

ሚጢጢ


ነሐሴ 2 ቀን

ለልጄ ለሚጢጢ፣

ሰላምና ጤና ከደጃችሁ አይጥፋ። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያልኩት ረስቼሽ አይደለም። ደህና ነኝ። እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ጽሕፈቴን ታግለሽ አንብቢው።

ለወንድምሽ አልጽፍም። ብጽፍለት ይታዘዛል፤ የታዘዘው ግን እኔን ነው። ነገ ሌላ ነገር ሲመጣ ሌላ ደብዳቤ ልትለምኚኝ ነው።

ይልቅ ልጠይቅሽ። ሸራው ከጭን ሥር የሚያልፍበት ጠርዝ ተጠቅልሎ ተሰፍቷል ወይስ እንዲሁ ነው? እንዲሁ ከሆነ ሥጋ ይቆነጥጣል። ታማሚው ሲነሳ ይሽከረከራል? ፊቱ ወደ ግድግዳ ከዞረ ይፈራል፤ የሚያነሳውን ሰው ፊት ማየት አለበት። ጎማዎቹስ ፍሬን አላቸው?

ከመስኮቴ ፊት ለፊት የአንድ ሕንፃ ጀርባ ይታየኛል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታርፍበት ቁጭ ብዬ አያለሁ፤ እናንተም ትታዩኛላችሁ።

አክስትሽ


መስከረም 12 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ፣

ዛሬ ሰላምታውን ላሳጥረው። የት ነው ያሉት?

ፖስታው ጀርባ ላይ ያለው አድራሻ ሌላ ነው። ሁልጊዜ «ሁለተኛ ፎቅ ነኝ፣ ከመስኮቴ ሥር ዛፍ አለ» ይሉኝ ነበር። ዛፉ የት ሄደ? ሸራ ሥጋ እንደሚቆነጥጥስ ማን ነገረዎት? እኔ ያን ሁሉ ተንጠልጥዬ አላወቅኩትም። ለካ እኔ ወፍራም የሥራ ሱሪ ለብሼ ነው፤ ታማሚ ደግሞ ስስ የአልጋ ልብስ ነው የሚለብሰው። ጠርዙን አስጠቅልዬ አሰፋሁት። ሌሎቹንም እንዳሉት አደረግኩ፤ ወንድሜ ስለ ጎማና ስለ ሸራ አይከራከርም፣ ስለ እጀታው ነው የማይነካው። ቱቦላሬውን አስቆርጦ ግድግዳው ጥግ ደርድሮታል።

ገምጋሚዎቹ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ሊመጡ ነው። እሱ ግድግዳ ቀለም እየቀባ ነው። ለእኔ ነጭ ጋዋን ገዝቶልኛል፤ ጋዋኑም እንደ እጀታው ነው፣ በማን ልክ እንደተገዛ አላውቅም።

አሁን ከእርስዎ የምፈልገው ፎቶም፣ ለወንድሜ ደብዳቤም አይደለም። እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ። ልቤ አላረፈም።

ሚጢጢ


ጥቅምት 1 ቀን

ልጄ ሚጢጢ፣

ነገር የምታሸት አፍንጫ የሰጠሽ ፈጣሪ ይመስገን፤ ከአያትሽ ነው የወረስሽው።

ሰኔ ላይ ከደረጃ ወድቄ ዳሌዬ ተሰበረ። ከሆስፒታል ስወጣ ደረጃ ለሚወጣ ሰው የተሠራው ቤቴ አልሆነኝም፤ አሁን ያለሁት አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። አልነገርኩሽም። በሰው አገር የሚኖር ሰው «ደህና ነኝ» ማለት ሥራው ነው፤ ጡረታም የለውም።

በየጠዋቱ የምነሳው በማንሻ ነው። የመጀመሪያው ቀን ተንጠልጥዬ ሳለሁ እንባዬ መጣ። ነርሷ ያመመኝ መስሏት ደነገጠች። እኔ ግን እያየሁ የነበረው ብየዳውን ነው፤ እንዴት ያለ ዝርክርክ ብየዳ! አባቴ ቢያየው በመዶሻ ነበር የሚመልሰው። ይህ ሁሉ ዓመት አልፎ ዓይኔ አሁንም ብየዳ እንደሚያይ አላውቅም ነበር፤ ያስለቀሰኝ እሱ ነው።

ነርሷ ባንቺ ቁመት ናት። እጀታው ወደ ላይ ሲወጣ በእግር ጣቶቿ ትቆማለች፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ያመልጣትና እኔ ዝቅ እላለሁ። ይቅርታ ትለኛለች፣ በየጠዋቱ። ይቅርታ ማለት የነበረበት እሷን ሳይጠይቅ የሠራው ሰው ነው።

ሚጢጢ፣ ስለ ወርክሾፑ የጻፍኩልሽ ሁሉ እውነት ነው። ያልጻፍኩት ግን አለ። አያትሽን ያስጠራው ታጣፊ አልጋ ማጠፊያው የኔ ነው። በቆርቆሮ ቁራጭ ሞክሬ፣ ሞክሬ፣ በመጨረሻ ጣት ሳይቆነጥጥ የሚታጠፍ አደረግኩት። አንድ ነጋዴ ለአዳሪ ትምህርት ቤት ብዙ አልጋ ሊያዝ መጣ። አልጋውን አጥፎ ዘርግቶ «ይህን ማን አሰበው?» አለ። እኔ አፌን ልከፍት ስል አባቴ «አንቺ ሂጂ፣ ሻይ አምጪ» አለኝ። ስመለስ እጁ በአባትሽ ትከሻ ላይ ነበር፤ «ልጄ ነው» ይላል። ነጋዴው አባትሽን ይጨብጣል። አባትሽ ወለሉን ያያል። ሻዩን አስቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ሞርሳው ጋ ስሄድ ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ቆሞ አገኛለሁ፤ ቦታ የለም። አባትሽ መዝፈን የተወው ያኔ ነው። እኔም ትንሽ ቆይቼ ትምህርት አገኘሁ ብዬ ሄድኩ። አባቴን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ፣ ያን ቤት እስከ ዛሬ በሕልሜ እጠርገዋለሁ። ናፍቆት ግን እንደ ወንድምሽ ቀለም ቀቢ ነው፤ ስንጥቁን ይሸፍነዋል።

ስም ምን ይጎዳል ያልኩሽን አንስቻለሁ። ፊርማሽ ይቆይ። ኃላፊ ብለው ከጻፉሽ ኃላፊ ሁኚ። እነሱ ለነጥብ ብለው የጻፉትን አንቺ እውነት አድርጊው።

አክስትሽ


ኅዳር 18 ቀን

ይድረስ ለብርቱዋ አክስቴ፣

ፈጣሪ ዳሌዎን ይጠግንልኝ፤ ቀና ብለው ሲራመዱ ለመስማት ያብቃኝ። ደብዳቤዎን ሞርሳው አጠገብ ቆሜ አነበብኩና አለቀስኩ። ለወንድሜ አላሳየሁትም። እርስዎን ሰምቶ እንዲለወጥ አልፈለግኩም፤ ትምህርቱን ከእርስዎ ነው ያገኘሁት።

ገምጋሚዎቹ ሦስት ነበሩ፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰካች ሰብሳቢ፣ አንድ ቀጭን ሰውዬ፣ አንድ ወፍራም ሰውዬ። እኔ ደግሞ ለወንድሜ ሳልነግረው የእማዬን ነርስ ጠርቼአት ነበር። ሰብሳቢዋ ገና ከመግባቷ «ኃላፊዋ ማን ናት?» አለች።

«እሷ ናት!» አለ ወንድሜ ጮክ ብሎ፣ እንዳጠናው። «ሁሉንም የምትወስነው እሷ ናት!»

«መልካም። እንግዲያው አሳዪን» አለችኝ።

በያጆቹ ወደ እጀታው ሄዱ፤ እኔ ሸራው ውስጥ እንድገባ ይጠብቃሉ። «ዛሬ እኔ አልንጠለጠልም» አልኩ። ወፍራሙን ሰውዬ ፈቃዱ ከሆነ ብዬ ለመንኩት፤ ደስ ብሎት ኮቱን አውልቆ ገባ። እጀታውን ለነርሷ ሰጠኋት። ሰውየው ትንሽ ተነሳ። ከዚያ እጀታው ወደ ላይ ሲወጣ ነርሷ በእግር ጣቶቿ ቆመች፣ ተንጠራራች፣ አመለጣት። ማንሻው መያዣ ስላለው ሰውየው አልወደቀም፤ ጫማው ከመሬት ከፍ እንዳለ ቀረ። ወንድሜ ሊያግዛት ሮጠ።

«ይተዉዋት» አለች ሰብሳቢዋ። «ሆስፒታል ውስጥ እርስዎ አይኖሩም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ይህን ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

 ወደ ወንድሜ አልዞርኩም። «አውቅ ነበር» አልኩ። «ንድፌ ላይ እጀታው ዝቅ ያለ ነው። ሲሠራ ከፍ ተደረገ፤ የሞከሩት ወንዶች ብቻ ናቸው፣ ነርሶቹን የጠየቀ የለም። ኃላፊዋ እኔ ከሆንኩ ሥራው ይቆማል። ነርሶቹ ይሞክሩት፣ እጀታው እንደገና ይሠራል።»

ያ ሁሉ የተቆረጠ ቱቦላሬ ግድግዳው ጥግ ተደርድሯል። ሁሉም ወንድሜን አየ። «ስም ብቻ ናት» ቢል ቢሮውን ዋሽቷል፤ «ኃላፊ ናት» ቢል ያ ሁሉ ብረት እንደገና ሊቆረጥ ነው። ከንፈሩን ነከሰ። «ኃላፊዋ ያለችው ነው» አለ፤ ድምፁ ከጫማው ሥር ነው የወጣው። ወፍራሙ ሰውዬም ከላይ ሆኖ «ሌላ ነገር ሳትወስኑ እኔን አውርዱኝ» አለ።

እንደሄዱ ወንድሜ «በገዛ ቤቴ አዋረድሽኝ!» አለኝ። «በገዛ ቤታችን» አልኩት። በሩን ወርውሮት ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሚያናግረኝ በበያጆቹ በኩል ሆነ፤ እሱ ከጎኔ ቆሞ «ለኃላፊዋ ንገሯት፣ የብየዳ ኤሌክትሮድ አልቋል» ይላል። እኔም «ለአማካሪው ንገሩት፣ ሰምቻለሁ» እላለሁ። መሀል ላይ የቆሙት በያጆች አሳዘኑኝ።

ውጤቱ መጣ። ተቀብለውናል፤ ግን ነርሶች በሥራ ቦታቸው ሞክረው ካላጸደቁት ምርት እንዳይጀመር ብለዋል፤ ገምጋሚዎቹም ኃላፊዋ በእውነት እየመራች መሆኗን ሳያሳውቁ መጥተው ያያሉ። ወንድሜ ቆሞ አነበበው። አልዘለለም። በማግስቱ ከሥራ ጠፋ። ለካ ሆስፒታል ሄዶ ታማሚዎቹ ክፍል በር ላይ ቆሞ ነው የዋለው። ሲመለስ «አንዷ ነርስ በርጩማ ላይ ቆማ ነው መድኃኒቱን የምትሰቅለው» አለ፤ ለማን እንደሚናገር አላወቅንም፣ ግድግዳውን ነበር የሚያየው።

ዛሬ ጠዋት ቱቦላሬውን ሞርሳው ላይ አስሮ «ኃላፊ፣ የት ላይ ልቁረጠው?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ቀና አልኩ። ጠመኔውን ዘርግቶልኝ እየጠበቀ ነው። ምልክቱን አደረግኩለት።

በዚህ ደብዳቤ የምለምንዎ ምንም የለኝም። ስለ ማጠፊያው ግን አመሰግንዎታለሁ፤ እኔ ያደግኩት እዚያ አልጋ ላይ ተኝቼ ነው።

ሚጢጢ


ታኅሣሥ 20 ቀን

ለልጄ፣ ለኃላፊዋ፣

በአባቴ ቤት በረከት ይግባ፤ ቃልሽ እንደ ብየዳችሁ ይጽና፤ ወንድምሽን ስሚልኝ፣ ጆሮውንም ትንሽ ቆንጥጪልኝ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ወፍራሙ ሰውዬ ጋ ስደርስ እኔም በማንሻው ላይ ነበርኩ፤ ነርሷ ደብዳቤሽን ይዤ እንድነሳ ትፈቅድልኛለች። ሳቄ አልቆም ብሎ ሸራው ስለተወዛወዘ ሥራዋን አቁማ ጠበቀችኝ። ጠመኔው ጋ ስደርስ ግን ሳቁ ቀረ። ደጋግሜ አነበብኩት። ያን ጠመኔ አንድ ሰው ለእኔ ቢዘረጋልኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ባሕር እሻገር ነበር ወይ ብዬ አሰብኩ። አላውቅም። መሄዴን አልጠላውም። ያን ቤት ግን ዳግመኛ በእግሬ የምገባበት አይመስለኝም፣ ይህንን ላልደብቅሽ፤ በጣም ናፍቆኛል።

አንድ ነገር ነግሬሽ ልጨርስ። እዚህ አዲስ የሚመጣ ሠራተኛ ሁሉ «በአገርዎ ሥራዎ ምን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ለጨዋታ ነው፣ መልሱን አይሰሙትም። እኔም እስከ ትናንት «የብረት ሠሪ ልጅ ነኝ» ነበር የምለው። በዚህ አገር ለጠየቀኝ ሁሉ ከአርባ ዓመት በላይ እንዲሁ ስል ኖሬአለሁ።

ትናንት አንዲት አዲስ ነርስ መጣች። ሸራውን እያሰረችልኝ ጠየቀችኝ።

«ብረት ሠሪ ነበርኩ» አልኳት።

እጇን አቁማ አየችኝ። ከዚያ ወደ ማንሻው ክንድ ጎንበስ ብላ «እንግዲያው ይህ መገጣጠሚያ ሰውን ሲያነሳ ለምንድን ነው የሚጮኸው?» አለችኝ።

ነገርኳት።

አክስትሽ